የካቢኔት እጀታ ከመግዛትሽ በፊት ቀዳዳውን ለኪ

ከፍኖተ ሰላም የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ኩሽና ነው ትዝ ያለኝ። የኪችን ካቢኔትሽ እጀታ ተላልጧል፣ አንዳንዱም ተነቅሏል፤ ሁሉንም ልትቀይሪ ነው። አናጺ ልጥራ ወይስ ራሴ ልሞክር ብለሻል። ራስሽ ሥሪው። እኔ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ 22 እጀታ በገዛ እጄ ቀይሬያለሁ። እዚያ ለመድረስ የከፈልኩትን ግን አንቺ አትክፈይ።

1. እጀታውን አትለኪ፤ ቀዳዳውን ለኪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የድሮውን እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁና አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመዴ "ይህን የሚያህል" ብዬ ነገርኩት። ከመርካቶ ገዝቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ዓባይን አሻግሮ አመጣልኝ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሲያምር! ወዲያው አንዱን ብሎን አሰርኩ። የእጀታው ሁለተኛ እግር፣ ብሎን የሚገባበት፣ ቀዳዳውን አልፎ ባዶ እንጨት ላይ አረፈ። ሌላ በር ሞከርኩ፤ ያው። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው እጀታ ጫፎቹ ከእግሮቹ አልፈው ይወጣሉ። የአዲሱ እግሮች ግን ጫፉ ላይ ናቸው። ቁመታቸው ተቀራራቢ፣ የብሎናቸው ርቀት ግን የማይገናኝ። የእኔ በር 96 ሚሊ ሜትር፣ እጀታው 128። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኚው 64፣ 96፣ 128፣ 160 እና 192 ነው፤ በ32 እየጨመረ ይሄዳል። የቀዳዳ መሃል በዓይን አይገኝምና ከላይኛው ቀዳዳ የላይ ጠርዝ እስከ ታችኛው ቀዳዳ የላይ ጠርዝ ለኪ። ከመሃል እስከ መሃል ማለት ነው።

ዘመዴ በሌላ ጉዞው ዕቃውን መልሶ ወሰደላቸው። ማሸጊያው እንኳ ከሁለቱ በቀር አልተከፈተም። ሻጩ ቀና ብሎ ሳያየው ደረሰኙ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየው። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።" ገንዘቡ ይቅር፣ በ96 ለውጥልኝ ቢለው "ሳትለካ ማን ግዛ አለህ?" አለው። ዘመዴ እኮ ትልቅ ሰው ነው። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

2. አናጺ ከጠራሽ ከጎኑ ቁሚ። እጀታው ስላልተመለሰልኝ በሮቹን ለ128 እንዲበሳልኝ አናጺ ጠርቼ ነበር። እኔ ግን ከጎኑ አልቆምኩም፤ ቡና ላፈላ ገባሁ። "ቀላል ነው" ብሎ ትራፓኖውን ከበሩ ውስጥ ወደ ውጭ ገፋው። ስመለስ የበሩ ፊት አንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ተፈንቅሏል። የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ገጽ እንደዚያ ከተነሳ አይመለስም። የቀን ሂሳቡን ግን ተቀብሎ ሄደ። ሳይቸግረኝ ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠራሁም። ከጎረቤት ትራፓኖ ተዋስኩ። አንድ ቁራጭ ጣውላ ላይ 128 ለክቼ ሁለት ቀዳዳ በሳሁ፤ እሱ መለኪያዬ ሆነ። በየበሩ የላይኛውን የድሮ ቀዳዳ እንዳለ እጠቀማለሁ፤ የታችኛውን ብቻ 32 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጌ አዲስ እበሳለሁ። የሚበሳበት ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊ። ከበሩ ጀርባ ሌላ ጣውላ አጥብቀሽ ያዢ፤ ፑንታው (የትራፓኖው መብሻ) በጀርባ ሲወጣ የጀርባውን ገጽ እንዳይፈነቅል የሚያደርገው እሱ ነው። ከፊት ወደ ውስጥ፣ በ5 ቁጥር ፑንታ፣ ሳትቸኩዪ። የቀረውን ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ቀለም ቀባሁት። እጀታው ስር ስለሚውል ጎንበስ ብሎ ያላየ አያገኘውም። አናጺው ካበላሸው በር በቀር የቀሩት ሃያ አንዱ አንድም ጭረት የለባቸውም።

3. ብሎን። ከእጀታው ጋር የሚመጣው ለበር ነው። መሳቢያ ፊቱ ብዙ ጊዜ ድርብ ስለሆነ ብሎኑ አይደርስም። ለመሳቢያዎቹ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ለብቻ ገዛሁ፤ እዚሁ ማርቆስ ይገኛል። ብሎኑ ከረዘመ ደግሞ እጀታው ይወዛወዛል። ስትቆርጪው መጀመሪያ ዳዶ (ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘውን ቀለበት) አስገቢበት፣ ከዚያ ቁረጪ፣ ከዚያ ዳዶውን ፈትተሽ አውጪ። የተበላሸውን ጥርስ ሲወጣ ያስተካክለዋል። ይህን ያሳየኝ አንድ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ክቧን ባለ አንድ ብሎን እጀታ ግን አትግዢ። ሊጥ ወይም ቅቤ በነካው እጅ ስትይዣት ትሾልካለች። ሁለተኛው ቀዳዳም አፉን ከፍቶ ይቀራል።

አሁኑኑ ሜትር አንሺና ለክተሽ ቁጥሩን ጻፊልኝ። 96 ሆኖ የ128 እጀታ ካማረሽ መለኪያ ጣውላዬን ወደ ፍኖተ ሰላም በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።