ቤርሳቤህ፦ ሰባት ነው ወይስ መሐላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ኦሪት ዘፍጥረት ሳነብ ግራ ገባኝ። በምዕራፍ 21 ለቤርሳቤህ ስም ያወጣላት አብርሃም ነው። በምዕራፍ 26 ደግሞ ይስሐቅ። ትርጉሙንም አንዱ “የሰባት ጉድጓድ”፣ ሌላው “የመሐላ ጉድጓድ” ይለኛል። የቱን ልያዝ? (አንባቢዎ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ያዢ።

እኔ የምኖረው እዚሁ እስራኤል፣ ቤርሳቤህ ነው። ዛሬ በዕብራይስጥ ቤር ሼቫ ይሏታል። ብዙ የኛ ሰው ስላለባት ጥያቄሽ ቡና ላይም ይነሳል።

“ቤር” የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ይሄ አያከራክርም። ክርክሩ “ሼቫ” ላይ ነው። በዕብራይስጥ ሰባትም መማልም የሚጻፉት በእነዚያው ሦስት ፊደላት ነው፦ ሺን፣ ቤት፣ ዓይን።

ታሪኩን ግን ልብ በይ። የጌራራው ንጉሥ የአቢሜሌክ አገልጋዮች የአብርሃምን ጉድጓድ ቀምተውታል። እዚህ አገር በዓመት የሚጥለው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጉድጓዱን የተቀማ ሰው ከብቱንም ኑሮውንም ተቀማ ማለት ነው። ስለዚህ አብርሃም ሰባት ቄብ በጎች ለይቶ አቆመ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ለመሆኔ ምስክር ይሁኑልኝ ብሎ። ከዚያ ተማማሉ። በጎቹ የመሐላው ማስረጃ ናቸው። ታዲያ ሰባቱን ከመሐላው እንዴት እንለያቸዋለን?

የግድ አንዱን ምረጥ ብባል መሐላውን እመርጣለሁ። የምዕራፍ 21 ቁጥር 31 ስሙ ለምን እንደወጣ ሲናገር የሚያነሳው መማማላቸውን ነው። መጽሐፈ ኩፋሌያችንም ቦታውን “ዐዘቅተ መሐላ” ይለዋል።

ከከተማው በስተምሥራቅ ጥንታዊ ፍርስራሽ አለ። አርኪኦሎጂስቱ ዮሐናን አሃሮኒ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆፈረው ነው። ከበሩ ውጭ ወደ 70 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ታያለሽ። ሁሌም ቁልቁል ሳየው ይደንቀኛል። ይህን ያህል በእጁ የቆፈረ ሰው ስለ ውሃው ቢምል አይፈረድበትም።

ይስሐቅስ? አብርሃም ከሞተ በኋላ ፍልስጥኤማውያን ጉድጓዶቹን በአፈር ደፈኗቸው። ልጁ እንደገና አስቆፈራቸውና አባቱ ባወጣላቸው ስም ጠራቸው። በኋላ እሱም ከአቢሜሌክ ጋር ተማማለ። በዚያው ቀን አገልጋዮቹ ቤርሳቤህ ላይ “ውሃ አገኘን” ብለው መጡ። ስሙ ለአባትም ለልጅም የገጠመው ለዚህ ነው። የምዕራፍ 26ን ቁጥር 18 ከቁጥር 33 ጋር አያይዘሽ አንብቢው።