ሰኞ ጠዋት የተገተረው ፈረስ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የእንስሳት ሐኪሙ መልስ

ለዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ጥያቄ የውሻና የድመት ነው። ቡችላው አልበላ አለ፣ ድመቷ አስነጠሳት። በዚህ ወር ግን አራት ሰዎች ስለ ፈረስ ጻፉልኝ፤ አራቱም ከከተማው መሃል። መኪና ማቆሚያ በጠፋበት አዲስ አበባ ፈረስ የሚያኖር ሰው መኖሩ ራሱ ደስ አሰኝቶኛል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጃን ሜዳ የማስሮጠው የ7 ዓመት ዳማ ሰንጋ ፈረስ አለኝ። ቅዳሜ ጥሩ ሮጠ። እሁድ የሚያወጣው ሰው ስላልነበረ ጋጣው ውስጥ ዋለ። ገብሱን ግን እንደ ወትሮው በላ፣ እንዲያውም ደክሞታል ብዬ ጨመርኩለት። ሰኞ ጠዋት አውጥተነው ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ላብ በላብ ሆነ፤ የኋላ እግሮቹን መጎተት ጀመረ፣ ከዚያ ተገትሮ ቀረ። ታፋውን ስነካው እንጨት ሆኗል። ኋላ ሲሸና ሽንቱ የተቀዳ ቡና ይመስላል። ጎረቤት «አዙረው ይፍታታ» አለኝና አዞርነው። አንዱ ደግሞ መርፌ ገዝቶ መጥቶ ወጋው። ቡዳ በልቶት ነው ያሉም አልጠፉም። አሁን ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ቆሞ ይበላል። ለውድድር መቼ ላውጣው? (ከቀበና)

መልስ፦ ጋሼ፣ ቡዳውን ይተዉት። ፈረሱን የበላው የእሁዱ ገብስ ነው።

ይህ በሽታ ዕድሜ ጠገብ ነው። መኪና ሳይመጣ በፊት በአውሮፓ ጋሪና ማረሻ የሚጎትቱ ግዙፍ ፈረሶች ስድስት ቀን ሠርተው እሁድ ያርፉ ነበር። መኗቸው ግን አይቀነስም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ ልክ እንደ እርስዎ ፈረስ መንገድ ላይ ተገትረው ይቀራሉ። በዚህ የተነሳ ስሙ «የሰኞ ጠዋት በሽታ» ሆኖ ቀረ። እርስዎም ሳያውቁት ቀኑን እንኳ ሳያዛንፉ ነው የጻፉልኝ።

የሆነው ነገር የጡንቻ መፍረስ ነው። ያ ቡና የመሰለው ነገር ማዮግሎቢን ይባላል፤ ጡንቻ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዝ ቀይ ፕሮቲን ነው። ጡንቻው ሲፈርስ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ሊያጣራው ይሞክራል፣ በዚያው ኩላሊቱ ራሱ ይጎዳል። ስለዚህ በእንደዚህ ዓይነት ቀን የሚያስፈራኝ የእግሩ መገተር ብቻ አይደለም፣ የሽንቱ ቀለም ነው።

ጎረቤትዎ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ምክራቸው ለሌላ በሽታ ነው። ሆዱን የቆረጠውን ፈረስ ቀስ እያሉ ማዞር አንዳንዴ ይረዳል። ጡንቻው እየፈረሰ ያለውን ፈረስ ማዞር ግን መፍረሱን ያባብሰዋል። እዚያው በቆመበት ኮርቻው ይወርዳል፣ ብርድ ከሆነ ወገቡ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ ውኃ ይቀርብለታል፣ ሐኪም ይጠራል። ቤቱ ሩቅ ከሆነ መኪና ይፈለግለታል እንጂ በእግሩ አይነዳም።

መርፌው ምን እንደነበር አልነገሩኝም። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው እንደ ፌኒልቡታዞን ወይም ፍሉኒክሲን ያለ የሕመም ማስታገሻ ነው። መድኃኒቶቹ ጥሩ ናቸው። ችግሩ ውኃ ባጠረው ፈረስ ላይ እነሱም ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን እኔም ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ባለቤቱ «ቶሎ ውጋውና ይገላገል» እያለ ሲያጣድፈኝ ድዱን እንኳ ሳላይ ወጋሁት። ፈረሱ ተነሥቶ ሄደ፣ ሁላችንም ደስ አለን። በአራተኛው ቀን መብላት አቆመ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ሮጦ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ድድ አያለሁ፤ ድዱ ከደረቀ ፈሳሹ ይቀድማል፣ መርፌው ይከተላል።

መቼ ላውጣው ላሉት፣ ቆሞ መብላቱ መልስ አይሆንም። ደሙ ይመርመር። ሲኬ እና ኤኤስቲ የሚባሉ ሁለት የጡንቻ ኢንዛይሞች አሉ። ሲኬ በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ በጥቂት ቀናት ይወርዳል፣ ኤኤስቲ ግን ለመውረድ ሳምንታት ይፈጅበታል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩ ጡንቻው ዛሬም እየፈረሰ ነው ወይስ የድሮው ጉዳት ነው የሚለውን ይለያሉ። ሲኬው ሳይወርድ ፈረሱን ማስጋለብ ያንኑ ሰኞ መድገም ነው። ሲወርድም ከእርምጃ ይጀምሩ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ግልቢያው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

አሁን ወደ ገንዳው እንምጣ፣ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው። የእኛ ፈረሶች ትናንሽ ናቸው። የእርስዎ 300 ኪሎ ይመዝናል ብንል በቀን ቢያንስ 4 ኪሎ ተኩል ድርቆሽ ያስፈልገዋል። ገብስ ከዚያ በላይ ለሚሠራው ሥራ የሚከፈል ነው፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ ተኩል አይለፍ፣ ጨጓራው ትንሽ ነው፣ ፈረስ ደግሞ ማስመለስ አይችልም። ሥራ በሌለበት ቀን ገብሱን በግማሽ ወይም ከዚያ በታች ያድርጉትና ድርቆሹን ይጨምሩ። መቀነሱንም በዋዜማው ማታ ይጀምሩ። ደግሞም የዕረፍት ቀን ማለት ጋጣ ውስጥ ተዘግቶ መዋል አይደለም። የሚያወጣው ሰው ከጠፋ ጎረቤት ያሉ ልጆች ለግማሽ ሰዓት ይዘውት ወዲህ ወዲያ ይበሉ።

ጨው አይርሱ። የፈረስ ላብ ከሰው ላብ በጣም ጨዋማ ነው፣ ስለዚህ በላቡ የሚያጣው ጨው ብዙ ነው። አሞሌ ጨው ገንዳው አጠገብ ይታሰርለት፣ ሲፈልግ ይልሳል። በሚሮጥበት ሰሞን ግን መላሱ ስለማይበቃው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የገበታ ጨው መኖው ላይ ይበትኑ። ውኃ ደግሞ እንዲሁ ቆሞ ሲውል እንኳ 15 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ሲሮጥ እጥፍ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ማለት ለእሱ ብቻ በቀን ሁለት ቢጫ ጀሪካን ማስቀመጥ ነው። ለቤተሰቡ የተቀዳውን ሊጠጣብዎት እንደሚችል ቀድመው ይወቁት፣ ኋላ ከባለቤትዎ ጋር እንዳትጣሉ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ነገ ጠዋት፣ ፈረሱ ተረጋግቶ ሳለ፣ ገና ሳይበላ፣ ከመንጋጋው አጥንት ሥር ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ጣትዎን ያሳርፉ። እንደ ቀጭን ገመድ የምትንሸራተት የደም ሥር ያገኛሉ። 15 ሰከንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙት። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ነው። የእርስዎን ፈረስ የራሱን ቁጥር ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጻፉት። በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድር ላይ ፈረሱ የልብ ምቱ ወደ 64 ካልወረደ ሐኪሙ አያሳልፈውም፤ ጋላቢው ቢያለቅስም አያሳልፈውም። እርስዎም ጃን ሜዳ ላይ ሰዓትዎን ይዘው ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። ሜዳውም ይኸው፣ ፈረሱም ይኸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዶሮ ያረባል። የተረፈውን የዶሮ መኖ ለፈረሳችን ብንሰጠው ጉልበት ይሆነዋል? ፕሮቲን አለው ይላል። (ከፈረንሳይ ለጋሲዮን)

መልስ፦ አትስጡት። ዛሬ ሰጥታችሁት ከሆነ አሁኑኑ አንሡት።

ብዙ የዶሮ መኖዎች ውስጥ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ለመከላከል ሞኔንሲን ወይም የእሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ይጨመራል። ዶሮ በደንብ ይቋቋመዋል፣ ከብትም ይሻላል። ፈረስን ግን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም የሚሆን ብቻ ሊገድለው ይችላል። የልብ ጡንቻውን ነው የሚመታው። ማርከሻ የለውም። ከሞት የተረፈውም ቢሆን ልቡ ጠባሳ ይዞ ሊቀርና አንድ ቀን ግልቢያ ላይ ከነጋላቢው ሊወድቅ ይችላል። መኖውን ከመቀላቀያ ስትገዙም ከዶሮ መኖ ቀጥሎ የተፈጨ እንዳይሆን ጠይቁ፣ የማሽኑ ትርፍራፊ ብቻ ለመጉዳት ይበቃል። ወንድምህ ስለ ፕሮቲኑ አልተሳሳተም፣ እንስሳውን ነው የተሳሳተው።

ጥያቄ፦ አምና የካቲት 23 ለአድዋ በዓል ምኒልክ አደባባይ ስንወጣ ፈረሴ አስፋልት ላይ አንሸራተተውና በጉልበቱ ወደቀ። ቁስሉ ትንሽ ስለነበር በጨው ውኃ አጥቤ ተውኩት፣ ዳነ። ዘንድሮም መውጣት እፈልጋለሁ፣ አባቴ ግን እምቢ አለ። ማን ነው ትክክል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አምና ዕድለኛ ነበርሽ። አባትሽም ግማሽ ትክክል ናቸው።

ፈረስ ለመንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ለቲታነስ፣ ከቤት እንስሳት ሁሉ በጣም የተጋለጠ ነው። ጀርሙ ፋንድያና አፈር ውስጥ ይኖራል። የሚያመጣው ደግሞ ትልቁ ቁስል ብቻ አይደለም፣ ሚስማር የወጋት፣ ላይዋ ቶሎ የምትደፈን ጠባብ ቁስል ትብሳለች። ምልክቱ ሲመጣ ጆሮው ይቆማል፣ ጅራቱ ከፍ ይላል፣ በዓይኑ ጥግ ያለችው ስስ ቆዳ ዓይኑን ትጋርዳለች፣ መንጋጋው አይከፈትም። እዚያ ከደረሰ አብዛኛው አይተርፍም። ክትባት አለው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ከበዓሉ አንድ ወር ቀድመሽ ጨርሺው። የጉልበት ቁስል ደግሞ ከውስጡ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ካወጣ መገጣጠሚያው ተከፍቷል ማለት ነው። ያኔ የጨው ውኃ አይበቃም፣ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ጋ መድረስ አለበት።

መንሸራተቱን በተመለከተ ኮቴውን አይቼ ቢሆን ጥሩ ነበር። ለስላሳ የብረት ጫማ አስፋልት ላይ እንደ በረዶ ነው። ኮቴው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይከርከም፣ ፊቱ የረዘመ ኮቴ ያደናቅፋል። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስትወርጂ በእርምጃ ብቻ። ወንዶቹ ፎክረው ሲያስጋልቡ አንቺም ደምሽ ይሞቃል፣ አውቃለሁ፣ ግን አስፋልት ላይ አታስጋልቢ። ደግሞ ፈረሱ ያንን ጥሩንባና ከበሮ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት የለበትም። አንድ ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ጋጣው አጠገብ ከበሮ ይመታ። ጎረቤት ቢያማርር ለአድዋ ነው በይው።

ጥያቄ፦ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ክትባት በተከተበ በሳምንቱ ውድድር አለን፣ ይሮጥ? ሁለተኛ፣ ከውድድር በፊት ጠንከር ያለ ቡና ብናጠጣውስ? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ አንደኛው፣ አይሮጥም። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፣ ሰውነቱ ከእሱ ጋር እየታገለ ባለበት ጊዜ ግልቢያ ሲደረብበት ሊታመም ይችላል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀላል ሥራ ብቻ ይሥራ። የውድድሩን ቀን ካወቃችሁ ክትባቱን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ያዙ። ክትባቱን ግን እንዳትተዉት። በሽታው በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይተላለፋል፣ ዝናብ ሲበዛና ሲያባራ ይብሳል፣ ሳንባን ሲይዝ ከአፍንጫው አረፋ እያስወጣ ካልተከተቡት ፈረሶች አብዛኞቹን በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ሲያብጥ ካያችሁ እሱን ጠርጥሩ። ዝንቦቹ የሚናከሱት ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ማታ ወደ ጋጣ አስገቡት። ክትባቱ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ የክፍለ ከተማችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ሳነበው ስቄያለሁ፣ ግን ቁም ነገር ነው። ካፌይን በዓለም አቀፍ የፈረስ ውድድር የተከለከለ ነው፣ ቸኮሌት ውስጥ ያለው ቴዎብሮሚንም እንዲሁ፤ ሁለቱም በሽንት ምርመራ ይገኛሉ። የሚመረምር ኖረም አልኖረም ግን ቡናው ጉልበት አይጨምርለትም። ድካሙን እንዳይሰማ ነው የሚያደርገው። ድካሙን የማይሰማ ፈረስ ደግሞ ማቆም ሲገባው ይሮጣል፣ ልቡም ያላግባብ ይመታል። ቡናውን እናንተ ጠጡት። ለእሱ ከሩጫው በፊት በነበረው ማታ ድርቆሹን አትንፈጉት፣ ጠዋት ውኃ ስጡት፣ ገብሱን ከሩጫው 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ይጨርስ፣ ሩብ ሰዓት በእርምጃና በሶምሶማ አሟሙቁት።