«ጨው ማስቀመጫ» ወይስ «የጨው ማስቀመጫ»?

ጥያቄ፦ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የወጥ ቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ክዳን ባላት የሸክላ ዕቃ ላይ «ትንሽ ጨው ማስቀመጫ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። አንድ ደንበኛዬ «የ» ይጎድለዋል አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ «ጨው ማስቀመጫ» ብቻ ብለው ቢሆን ኖሮ ምንም አልጎደለውም እልዎት ነበር። «ማስቀመጫ» ውስጥ «አስቀመጠ» የሚለው ግስ አለ። ምን ይቀመጥበታል? ጨው። ጨው የግሱ ተሳቢ ስለሆነ ያለ «የ» ከፊቱ ይቆማል። ቡና መፍጫ፣ ልብስ መስቀያ፣ ጠላ መጥመቂያ የምንለው ለዚህ ነው።

«ቅል» ውስጥ ግን ግስ የለም። እናቴ ከምድጃው በላይ ትሰቅላት የነበረችው «የጨው ቅል» ናት፤ «ጨው ቅል» ብንል ጆሮ አይቀበለውም። ቅሏ ከተሰበረች ስንት ዘመኗ! ዛሬ ጨዉ ያለው ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ እህቴ ግን አሁንም «እስቲ ቅሏን አቀብሉኝ» ትላለች። ደስ ይለኛል ስሰማት።

«የጨው ማስቀመጫ»ም ትክክል ነው። «የአበባ ማስቀመጫ» እንል የለ?

የእርስዎን ወረቀት ያስቸገረው «ትንሽ» ነው። «ትንሽ ጨው ማስቀመጫ» ሲባል ትንሹ ጨዉ ነው ወይስ ዕቃው? ሁለቱንም ያስኬዳል። «ትንሽ የጨው ማስቀመጫ» ካሉ ግን «ትንሽ» ጨዉን ዘልሎ ዕቃው ላይ ያርፋል። ለጨዉ ቢሆን ኖሮ «የትንሽ ጨው ማስቀመጫ» ይባል ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ ደንበኛዎ ልክ ናቸው።

ቃሉን ከያዝን አይቀር ድምፁንም ያድምጡት። የ«ማስቀመጥ» «ጥ» በ«ማስቀመጫ» «ጫ» ሆኗል። ከመክፈት መክፈቻ፣ ከመክደን መክደኛ፣ ከመያዝ መያዣ የወጡትም እንዲሁ ነው። ሙቀጫም የ«ወቀጠ» ልጅ ነው። ድሮ ጎንደር ላይ እንደ ገንዘብም ይዞር የነበረው አሞሌ ደረቅ ጡብ ነበርና ለወጥ ሲፈለግ ተሰብሮ ይወቀጥ ነበር።

የዛሬው አዮዲን ያለው ጨው ግን እርጥበትና ብርሃን አይስማማውም። ወረቀቱን እንደገና ሲጽፉ «ትንሽ የጨው ማስቀመጫ፣ ከነክዳኗ» ይበሉት።