«ሥጋን ለበሰ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ዋሽንግተን አቅራቢያ ነው። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር «ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን» የሚባል የ1951 (እ.ኤ.አ.) ፊልም አየን። ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ እዚሁ ዋሽንግተን ያርፋል፣ ይገደላል፣ ይነሣል፣ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ባልደረባዬ «ያንተም ኢየሱስ እንዲሁ ነው፤ መጣ፣ ሄደ» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ባልደረባህን አትቆጣው። የፊልሙ ጸሐፊ ኤድመንድ ኖርዝ ራሱ የክርስቶስን ታሪክ ሆን ብሎ እንዳስገባበት ተናግሯል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። እንግዳው ክላቱ ከሆስፒታል ያመለጠው የሌላ ሰው ሱፍ ለብሶ ነው። ልብሱ ላይ የላውንደሪ ወረቀት ነበር፤ «ካርፔንተር» ይላል፤ ጸራቢ ማለት ነው። ከዚያ በዚህ ስም ተጠራ። ስሙም ሱፉም የተውሶ ነው። ሱፍ ደግሞ ይወልቃል።

ብዙ ምእመናን ጌታችንን ልክ እንደዚህ ያስቡታል። «ሥጋን ለበሰ» ስንል ጋቢ ደርቦ መጥቶ ሲሄድ ያወለቀው ይመስላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስቀድሱ የኖሩ አንዲት እናት «አሁንማ በሰማይ ሥጋ የለውም አይደል?» ብለው ጠይቀውኛል። ደነገጥኩ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ በደንብ ያላስተማርናቸው እኛ ነን።

ዮሐንስ «ቃልም ሥጋ ሆነ» ነው ያለው (ዮሐ. 1፥14)። ሆነ! ከእመቤታችን የነሣው ሥጋ ከመለኮቱ ጋር በተዋሕዶ አንድ ሆኗል። ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲፈሩ ምን አደረገ? እጁንና እግሩን አሳያቸው። የሚበላ ነገር ጠየቃቸው። የተጠበሰ ዓሣ ሰጡት፤ ዓይናቸው እያየ በላ (ሉቃ. 24፥36-43)። ያረገውም በዚያው ሥጋ ነው። ዛሬም አላወለቀውም።

ክላቱን ያስነሣው ጎርት የሚባለው ሮቦት ነው፤ ያውም ክላቱ ራሱ እስከ መቼ እንደሚኖር ሳያውቅ። ጌታችን በገዛ ሥልጣኑ ተነሣ፤ ሞት ከእንግዲህ አይገዛውም (ሮሜ 6፥9)። ክላቱ ምድርን ሲሰናበት የተወላት ማስፈራሪያ ነው፤ ካልታረማችሁ አመድ ትሆናላችሁ የሚል። ጌታችን ግን ያንኑ የነሣውን ሥጋ ብሉ ብሎ ሰጠን።

እሑድ ስታስቀድስ ካህኑ «አምናለሁ፣ አምናለሁ፣ አምናለሁ» ሲል ጆሮህን አቅና። መለኮቱ ከትስብእቱ፣ ማለትም ሰው ከሆነበት ባሕርይ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ እንዳልተለየ ይመሰክራል። ሰኞ ሥራ ስትገባ ለባልደረባህ ይህን ንገረው። ዓሣውንም እንዳትረሳ።