ጽጌረዳሽ ላይ ያለው ጥቁር ነጠብጣብ

ደብረ ማርቆስ ግቢሽ ያለው ጽጌረዳ ጥቁር ነጠብጣብ እያወጣ ቅጠሉን የሚያረግፈው በተባይ ሳይሆን በፈንገስ ነው። ጠጋ ብለሽ እዪው፤ የነጠብጣቡ ጠርዝ ጭረት ጭረት ካለውና ዙሪያው ከገረጣ እሱው ነው። ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ቢመስል ሌላ በሽታ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ የታመመውን ቅጠል ልቀሚ፤ መሬት የወደቀውንም ጭምር። ሰብስበሽ አቃጥዪው፣ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሪው። ከዚያ መሃሉን ግረዢና ነፋስ ይግባው። ውሃ በጠዋት፣ ከሥሩ ብቻ አጠጪ። ቅጠሉ 7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ በሽታው ይይዘዋል፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው።

ለድንች የሚረጨው ማንኮዜብ የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ይሠራል። ግን አዲሱን ቅጠል ይጠብቃል እንጂ የታመመውን አያድንም። ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ መጠኑንም ከማሸጊያው ላይ አንብቢ።

አደራ፣ ሰማዩ ከጠቆረ አትርጪ። እኛ ሰፈር ብዙ ሰው ከዝናብ በፊት እየረጨ መድኃኒቱ ታጥቦበት አይቻለሁ።