ከርግብና ከቁራ በቀር የማያውቅ ሰው ወፍ ሊቆጥር ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዕድሜዬ 61 ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፣ ታክሲ እነዳለሁ። ሐኪሜ «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ በእግርህ ተንቀሳቀስ» አለኝ። ልጄ ይህን ሰምታ ቅዳሜ ጠዋት ዋሽንግተን ዲሲ ባለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ከአስጎብኚ ጋር ወፍ እያዩ ለሚደረግ የእግር ጉዞ አስመዘገበችኝ። ያዩትን ቆጥረው ለተመራማሪዎች ይልካሉ አሉ። እኔ በልጅነቴ ሸዋ ሮቢት ማማ ላይ ቆሜ ወፍ ከማሽላ በወንጭፍ አባርሬያለሁ እንጂ ቆጥሬ አላውቅም። የማውቀው ርግብና ቁራ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ «አሜሪካ መጥቶ ወፍ ጠባቂ ሆነ» እያሉ ይስቁብኛል። ብሄድ ሰው አላስቸግርም? ተሳስቼ ብጽፍስ?
ታ. ነኝ

መልስ፦ ጋሽ ታ.፣ ይሂዱ። ግን ስለ ስኳሩ አስቀድሜ እውነቱን ልንገርዎ። ይሄ ጉዞ የሚባለው በስም ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሄደን አንድ ማይል የማንሞላበት ቀን አለ። አንድ ዛፍ ሥር ሃያ ደቂቃ አንጋጦ መቆም ነው። ማታ የሚያምዎት እግርዎ ሳይሆን አንገትዎ ነው። ለሐኪምዎ በሌላ ቀን ፈጠን ብለው ይራመዱ።

እኔ የገባሁበት በአጋጣሚ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ እንቅልፍ ሲያንገላታኝ መኪናዬን ፓርኩ ዳር አቆምኩ። አሥር የሚሆኑ ሰዎች አንድ ዛፍ ላይ አፍጥጠዋል። ወርጄ «ምን ጠፋባችሁ?» አልኩ። አንዲት ሴትዮ ምንም ሳትል ባይኖኩላሯን፣ የሩቅ ማያ መነጽሯን፣ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ጉሮሮው ፍም የመሰለ ትንሽዬ ወፍ ነበር፣ ብላክበርኒያን ዋርብለር ይሉታል። እንቅልፌ ጠፋ። ያን ቀን ሳልተኛ ወደ ሁለተኛው ሥራዬ ሄድኩ። አይመከርም።

ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ እነዚህ ዋርብለር የሚባሉ ትናንሽ ወፎች ከደቡብ መጥተው በዲሲ በኩል ወደ ሰሜን ያልፋሉ። የሚበሩት ሌሊት ነው። ሲነጋ ተርበው ዛፍ ላይ ያርፋሉ፣ ትል ይለቅማሉ። ጉዞው በጠዋት የሚጀመረው ለዚህ ነው። እርስዎ ሌሊት ሲነዱ ከደቡብ ነፋስ ከነፈሰ፣ በማግስቱ ፓርኩ ሊሞላ ይችላል። ብላክፖል የሚባለው አንዱ ክብደቱ 12 ግራም አካባቢ ነው፣ ሁለት ኳርተር ሳንቲም ማለት ነው። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲመለስ አትላንቲክን ሳያርፍ ያቋርጣል። ድምፁ በጣም ቀጭን ስለሆነ በኛ ዕድሜ ለብዙ ሰው አይሰማም። ለኔ አይሰማኝም። ወጣቶቹ «ያው!» ሲሉ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ።

ባይኖኩላር አይግዙ። ብዙ ጊዜ አስጎብኚዎቹ ትርፍ ይዘው ይመጣሉ፣ ልጅዎ አስቀድማ ትጠይቅ። ቢወዱት በኋላ 8 በ42 የሚባለውን መጠን ይፈልጉ። ከመነጽሩ ይልቅ ሱሪዎን ካልሲ ውስጥ መክተት አይርሱ። የዚህ አገር መዥገር ላይም (Lyme) የሚባል በሽታ ያስይዛል። ቤት ሲገቡ ከጉልበት በላይ ሳይቀር ይፈተሹ።

አሁን ወደ ቆጠራው። ያዩት የሚገባው ኢበርድ የሚባል ነጻ መተግበሪያ ላይ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ላብራቶሪ ኦዱበን ከሚባለው የወፍ ጥበቃ ማኅበር ጋር በ2002 ጀመረው። በቡድን ስትሄዱ መዝጋቢው ብዙውን ጊዜ አስጎብኚው ነው። ስንት ሰዓት ጉዞ እንደጀመራችሁ፣ ምን ያህል እንደሄዳችሁ፣ ከየወፉ ስንት እንዳያችሁ ይጽፋል። ከፈለጉ ዝርዝሩን ለእርስዎም ያጋራዎታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ምንም መጻፍ የለብዎትም። ዓይንዎን ብቻ ይዘው ይሂዱ። ማሽላ የጠበቀ ሰው ቅጠል በነፋስ ሲንቀሳቀስና ወፍ ሲያንቀሳቅሰው ይለያል። ይህን ከመጽሐፍ የተማሩት ያን ያህል የላቸውም። ጓደኞችዎ ሳያውቁት ትክክለኛውን ስም ሰጥተውዎታል።

ለብቻዎ መጻፍ ሲጀምሩ መተግበሪያው መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ይጠይቅዎታል፤ ለይተው ያወቋቸውን ወፎች በሙሉ ጽፈዋል ወይ? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ብርቅ የሆነውን ጽፎ ርግቡን ይተወዋል። ሁሉንም ከጻፉ ግን ያልጻፉትም መረጃ ይሆናል። ዉድ ትረሽ የዲሲ መለያ የሆነ ወፍ ነው፣ እንደ ዋሽንት ይዘምራል፣ ቁጥሩም እየቀነሰ ነው። ወፉን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉንም በጻፉበት ዝርዝር ውስጥ በየዓመቱ እየጠፋ ከሄደ ተመራማሪው ያያል። በ2019 የወጣ ጥናት ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ወፎች እንዳጣች ያሳየው፣ ዜጎች ለዓመታት ሲቆጥሩ ያጠራቀሙትን ይዞ ነው። ከጠፉት ውስጥ ብዙዎቹ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ተራ ወፎች ናቸው።

ስለ ቁራዎ ደግሞ ላሳዝንዎት ነው። እዚህ ቁራው ሁለት ዓይነት ነው። መልካቸው ያው ነው፣ የሚለዩት በድምፅ ነው። አንዱ እንደምናውቀው ቁራ ይጮሃል። ሌላው ፊሽ ክሮው ይባላል። አፍንጫውን እንደያዘ ሰው «እ-እ፣ እ-እ» ይላል፤ አልበላም እንደሚል ልጅ። ዝም ካለ ግን «ቁራ፣ ዓይነቱ ያልታወቀ» ብሎ መመዝገብ ይቻላል።

ስህተት ያስፈራዎታል። እኔ አንድ ጊዜ ትልቅ ጭልፊት ሰማሁ ብዬ በኩራት ተናገርኩ። አስጎብኚያችን ፈገግ ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ብሉ ጄይ ነው፣ የጭልፊት ድምፅ አስመስሎ ይጮሃል። ስልክም በድምፅ ይሳሳታል፣ ወፍ በድምፁ የሚለየው ሜርሊን የሚባለው መተግበሪያ «ይሄ ነው» ቢልዎትም ሳያረጋግጡ አይጻፉ። ለቦታው ወይም ለወቅቱ እንግዳ የሆነ ወፍ ሲገባ የሚያጣሩ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ኢሜይል ይልኩልዎታል። ምን አዩ፣ ፎቶ አለዎት ወይ ይላሉ። ቅጣት አይደለም፣ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ወፍ መቁጠር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በሴፕቴምበር ለመስቀል ቢሾፍቱ እሄዳለሁ። እዚያ ሆኜ መመዝገብ እችላለሁ?
ሰ. ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ይቻላል፣ ያውም ይፈለጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ ዓይነት ወፍ አለ፣ የሚመዘግበው ሰው ግን ከሮክ ክሪክ ጋር አይወዳደርም። ኢንተርኔት ባይኖርም ስልክሽ ያስቀምጥልሻል፣ ኔትወርክ ስታገኚ ትልኪዋለሽ። የቤተሰብሽን ግቢ ግን በቤተሰብሽ ስም አትመዝግቢ፣ ዝርዝሩ ለሁሉም ይታያል።

አንድ ነገር ልብ በይ። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ የምንለው አለ አይደል? የመስቀል ወፍ የሚባለው እንደየአካባቢው ይለያያል። ክረምት ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ለብሰው ደምቀው የሚታዩት ብዙዎቹ ወንዶች ግን ከዚያ ላባቸውን ቀይረው ድንቢጥ ይመስላሉ። የትም አልሄዱም። ስለዚህ ስትቆጥሪ ቡናማዎቹንም አትዝለያቸው።