«ብሬከሩ ዝግ ነው» ሲባል መብራት አለ ወይስ የለም?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ የኃይል ገበያ ደንብ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ደንቡ ስለ ሁለት ወገኖች ያወራል። አንደኛው የኤሌክትሪክ መረቡን ሌት ተቀን የሚመራው ሲስተም ኦፕሬተር ነው። ሁለተኛዎቹ ኃይል የሚያመነጩት፣ የሚሸጡትና የሚገዙት ናቸው። ረቂቃችን የመጀመሪያውን «የሥርዓት አንቀሳቃሽ»፣ ሁለተኛዎቹን «የገበያ ተዋናዮች» ይላቸዋል። አንዱ ጓደኛችን «ይሄማ አማርኛ አይደለም» ብሎ አስቸገረን። ምን ብንል ይሻላል? ደግሞስ «ኃይል» ነው ወይስ «ሃይል»?

መልስ፦ ጓደኛዎን እንዳያስቀይሙት፣ ልክ ነው።

«አንቀሳቃሽ» በራሱ ጥሩ ቃል ነው። ችግሩ ባለቤት አለው። ባሕር ዳር ላይ «አንቀሳቃሾች ይሰብሰቡ» ቢባል የሚመጡት ብሎኬት የሚያመርቱ፣ ዶሮ የሚያረቡ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ልጆች ናቸው። «ተቆጣጣሪ» እንዳይሉም እሱ ሌላ ሰው ነው። ፈቃድ የሚሰጠውና ታሪፍ የሚመረምረው የመንግሥት አካል ተቆጣጣሪ ይባላል። የእርስዎ ሰውዬ ደግሞ ራሱም ቁጥጥር አለበት።

ስም ከማውጣት በፊት ሥራውን እንየው። ኤሌክትሪክ እንደ ጤፍ ጎተራ ሞልተው የሚያቆዩት ነገር አይደለም። በአብዛኛው የሚመነጨውና የሚበላው በዚያችው ቅጽበት ነው። የእኛ መረብ በ50 ኸርዝ ይሠራል፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ተጠቃሚው ከሚመነጨው በላይ ከሳበ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ከተረፈ ይወጣል። ኦፕሬተሩ ሚዛኑን ይጠብቃል። ነገ በየሰዓቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈለግ ይገምታል። ከአመንጪዎች ምን ያህል፣ በስንት ዋጋ እንደሚያቀርቡ ይቀበላል። ከርካሹ ጀምሮ በተራ ያስገባል። መስመሩ መሸከሙን ያያል። ለጥገና መቼ የማን መስመር ከአገልግሎት እንደሚወጣ ይወስናል። የተባለውን ያላቀረበ ወይም ከተባለው በላይ የወሰደ ካለ ይመዘግባል፤ ሒሳቡ በኋላ ይወራረዳል። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ «አንተ ጨምር፣ አንተ ቀንስ» የሚባለው ትእዛዝ በየ5 ደቂቃው ይወጣል።

ይህን ሥራ ገበሬዎቻችን ያውቁታል። መስኖ ያለበት መንደር የውኃ አባት አለው። ውኃው የእሱ አይደለም፣ ማሳውም የእሱ አይደለም። ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ የሚያውቀው ግን እሱ ነው። ቦዩ ከመጠረጉ በፊት ሰውን ይጠራል፣ ያማክራል፣ ሲጣሉም ይዳኛል። ለአንዱ ካዳላ አባትነቱ ያበቃል። የመረቡ ኦፕሬተርም እንደዚያው ነው። ከሻጮቹ አንዱ ዘመዱ ከሆነ ማንም አያምነውም። በዚህ ምክንያት ብዙ አገሮች ኦፕሬተሩን ከአመንጪና ከሻጭ ለይተው ያቆሙታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2024 የራሷን ኦፕሬተር ከግል ኩባንያ ገዝታ የመንግሥት አድርጋዋለች።

የእኛ ነገር ይለያል። በ2006 ዓ.ም. የድሮው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማድረሱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። (ሕዝቡ አሁንም ሁለቱንም «መብራት ኃይል» ይላል፤ እኔም እላለሁ።) መረቡን የሚመራው ክፍል ያለው በመጀመሪያው ቤት ውስጥ ነው። ተራ የማስያዙ ሥራ ግን እዚሁ አጠገባችን ይታያል። ጢስ ዓባይ ያሉት ማመንጫዎችና ጣና በለስ የሚጠጡት ከአንድ ሐይቅ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ነው። ውኃውን በዋሻ ወስዶ ከ300 ሜትር በላይ ስለሚጥለው ከአንድ እንስራ ውኃ የሚያወጣው ኃይል ከጢስ ዓባይ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ተራው ወደ በለስ አደላ። ፏፏቴውን ሊያዩ ሄደው ቀጭን ክር የሚመስል ውኃ አይተው የተመለሱ እንግዶች ነገሩን ያውቁታል።

እንግዲህ ስሙ። «የኃይል አባት» በሉት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ደንብ ላይ ግን ያስቃል። የእኔ ምክር «የኃይል ሥርዓት ኦፕሬተር» እንድትሉ ነው። ኦፕሬተር ከገባ ቆይቷል። «ኦፕሬተሩ»፣ «ኦፕሬተሮቹ» እያልን እንደ ራሳችን ቃል እናረባዋለን። ማባረሩ ምን ይጠቅማል?

«ተዋናይ»ን ግን ያባሩልኝ። ተዋናይ መድረክ ላይ ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ ሰው ነው። ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ አመንጪ ካለ ጉዳዩ የቋንቋ ሳይሆን የፍርድ ቤት ነው። «የገበያ ተሳታፊ» ይሻላል። ግዕዙ «ሱታፌ» ስለሚል ቃሉ ሥር አለው። እርግጥ ዛሬ «ተሳታፊ» ሲባል የሚታየን ስብሰባ ላይ አበል ፈርሞ የሚወስደው ሰው ነው። ለሕዝብ በምታዘጋጁት ማብራሪያ ላይ «ገበያተኛ» በሉ። በቅዳሜ ገበያ ከዘጌ ቡና ይዛ የመጣችውም፣ ዘንቢል አንጠልጥላ ልትገዛ የወጣችውም ገበያተኛ ናቸው። ሻጩንም ገዢውንም በአንድ ስም የሚጠራ ቃል ይህ ነው። እናንተ የምትፈልጉትም ይኸው ነው። ለጂቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኃይል እየሸጥን ስለሆነ ቃሉ ሥራ አያጣም።

አሁን ወዳልጠየቁኝ ነገር ልግባ። በስሞቹ ብዙ ደክማችኋል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ግሱ ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ሶኬት ሊጠግንልኝ ሽምብጥ ቤቴ መጣ። እሱም መሐንዲስ ነው። ከመምጣቱ በፊት ብሬከሩን አጥፍቼ ጠበቅሁት። ከጓዳ ሆኖ «ጋሼ፣ ብሬከሩ ክፍት ነው አይደል?» አለኝ። «ኧረ ዝግ ነው!» አልኩት ኮራ ብዬ። «ታዲያ ይክፈቱታ!» አለኝ። ገረመኝ፣ ግን ከፈትኩት። ቴስተሩ እጁ ላይ ቦግ አለ። ደግነቱ ሽቦ ከመንካቱ በፊት የሚፈትሽ ልጅ ነው። ከወንበሩ ወርዶ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

ሁለታችንም አማርኛ ነው የተናገርነው። ለእኔ ቧንቧ ሲከፈት ውኃ ይመጣል። ቲቪ ሲከፈት ይናገራል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ ያለው የጨራ ጨራ ግድብ በር ሲከፈት ወንዙ ይሞላል። ለእሱ ደግሞ ብሬከር ተከፈተ ማለት ሁለቱ ብረቶች ተለያዩ ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያልፍም። «ዝግ» ሲሆን ያልፋል። እኔ እንደ ውኃ አሰብኩ፣ እሱ እንደ ድልድይ። በእንግሊዝኛ የተማረውን ወደ አማርኛ ሲመልስ ቃሉን አመጣው፣ ትርጉሙ እዚያው ቀረ። ኦፕሬተሩ በስልክ «ክፈቱ» ሲል በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው የእኔ ዓይነት ቢሆንስ?

ስለዚህ በደንቡ ውስጥ ለብሬከር «ክፈት» እና «ዝጋ» አትጻፉ። «አቋርጥ» እና «አገናኝ» በሉ። በስልክ ጩኸት ውስጥም ድምፃቸው አይምታታም። «ቁረጥ» ግን አትበሉ፣ ፒንሳ ይዞ የሚወጣ አይጠፋም።

«እሺ»ንም ተጠንቀቁ። የእኛ «እሺ» ገብቶኛል ማለት አይደለም። አክብሬሃለሁ ወይም ስልኩን ዝጋልኝ ማለትም ይሆናል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ኦፕሬተር በቃል ትእዛዝ ሲሰጥ ተቀባዩ የሰማውን መልሶ መናገር አለበት፤ ሰጪውም ልክ ነው ብሎ ያረጋግጥለታል። እንዲህ ያለ አንቀጽ ስትተረጉሙ «ተቀባዩ ትእዛዙን መልሶ ይናገራል» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

«እንዲያውቁት ይደረጋል» የሚለው ደግሞ የሰነፍ ዓረፍተ ነገር ነው። ማን ነው የሚያሳውቀው? ረቂቁን ፈትሹና ባለቤት ስጡት፦ «ኦፕሬተሩ ለተሳታፊዎች ያሳውቃል።» በሕግ አማርኛ «ያሳውቃል» ግዴታ ነው። «ሊያሳውቅ ይችላል» ፈቃድ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ አንድ ቀን ያጣላሉ።

የመጨረሻው ሰዓት ነው። ኃይል የሚሸጠው በሰዓት ተከፋፍሎ ነው። «ለነገ 2 ሰዓት» ብትሉ ጠዋት ነው ማታ? በእኛ አቆጣጠር ነው በፈረንጅ? የኬንያው ገዢ በስዋሂሊ ሲያወራ እንደኛው ከንጋት ይቆጥራል፣ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ግን አይደለም። ሱዳን ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። ሌሊቱ ይብሳል። በገበያው አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የየትኛው ቀን ነው ብለው ሰው ይጠይቁና ይስሙ።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2006 ጀርመን ውስጥ ኤምስ በሚባለው ወንዝ ላይ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ማለፍ ነበረባት። ከወንዙ በላይ የተዘረጋው ከፍተኛ መስመር ለዚህ ሲባል ይቋረጣል። የታቀደው ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። ኋላ ወደ ቅዳሜ ምሽት 4 ሰዓት ተሳበ። ጎረቤት ኦፕሬተሮች አዲሱን ሰዓት በይፋ የሰሙት በዚያው ምሽት ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ሸክሙ በሌሎች ላይ ወደቀ፣ እነሱም ተራ በተራ ተቋረጡ። የአውሮፓ መረብ ለሦስት ተሰነጠቀ። ከ15 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ጨለማ ውስጥ ገባ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዘግይቶ የተነገረው ሰዓት አንዱ ነበር።

«ለእሁድ አጥቢያ» እንዳልኩ ልብ ይበሉ። ያ ሌሊት የየትኛው ቀን እንደሆነ በአንድ ቃል የሚለይ ነገር አለን። ደንቡ ውስጥ ከቀኑ ቁጥር ጎን ብታስገቡት አላፍርበትም።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፦ በ«ኃ» ይጻፉት። ግዕዙም የመሥሪያ ቤቱ ስምም እንደዚያ ነው። በ«ሃ» የጻፈ ጓደኛ ካለ ግን አትጣሉት፣ መብራት አያጠፋም።